ግድግዳው ከማን ጋር ነው የሚያወራው?

ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት የኢትዮጵያን ካርታ ነበር። የፊተኛው ብሎክ የጎን ግድግዳ ላይ፣ በዘይት ቀለም፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ቁመት በላይ ሆኖ ተስሏል። ክልሎቹ የየራሳቸው ቀለም አላቸው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ታች ይወርድና ጎጃምን ከቦ ወደ ሱዳን ያልፋል። በዚህ ካርታ ፊት ስምንት ዓመት ተመላለስኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደዚያ ተወስደን «እኛ ያለነው እዚህ ጋ ነው» አልተባልንም። ካርታው ላይም መራዊ የሚል ጽሑፍ አልነበረም። ባሕር ዳር ነበር፣ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ በመሀላቸው ያለን እኛ ግን አንድ ወጥ ቀለም ነበርን።

አሁን እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። በእኛ ሥራ ማንኛውም ገጽ ከመሠራቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ተጠቃሚው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ለመጠየቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንዴ ከጠየቅሁት በኋላ ግን መተው አልቻልኩም። የደረስኩበት መልስ ይኼ ነው፦ የትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳዎች ወሬያቸው ብዙ ነው፤ የሚያወሩት ግን ለጉብኝት ከመጣው እንግዳ ጋር ነው። ልጁ በመካከላቸው ያልፋል።

ግድግዳው እንዴት ተቀባ?

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት የሄደ ሰው የምለውን ያውቃል። መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም… ከተማው ይለያያል እንጂ የትምህርት ቤቱ ግቢ ወንድማማች ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ባሕር ዛፍ፣ ረጃጅም ብሎኮች፣ የባንዲራ መስቀያ። ግድግዳው ላይ ካርታ፣ የሰው ልብ፣ የምግብ መፍጫ አካላት፣ ጥርስ፣ የዕፅዋት ሴል፣ ሥርዓተ ፀሐይ፣ የእንግሊዝኛ ቴንስ ሰንጠረዥ፣ ፊደል እና መፈክር። መፈክሩ ደግሞ አያልቅም።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ አልመጣም። የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር አንዱ ክፍሉ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ነበር። እሱም የትምህርት ቤትን ሥራ በ4 ይከፍለዋል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ለትምህርት ቤቶች የድጎማ ገንዘብ ይደርሳቸው ጀመር። ቆይቶ ኢንስፔክሽን መጣና ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 መመደብ ጀመረ።

እስቲ ራሳችሁን በርእሰ መምህሩ ቦታ አስቀምጡ። እንግዶች ሊመጡ ነው። መማር ማስተማሩ መሻሻሉን በግማሽ ቀን ጉብኝት እንዴት ታሳያላችሁ? ከባድ ነው። ምቹ የመማሪያ አካባቢን ግን ማሳየት ይቻላል። ቀለም ይገዛል፣ እጁ የሚታዘዝለት መምህር ወይም የከተማው ማስታወቂያ ጸሐፊ ይጠራል፣ ልብና ካርታ ይሳላል። እንግዳው ከመኪና ሳይወርድ ያየዋል። ግድግዳው እንዲህ ነው የሪፖርት ገጽ የሆነው።

ርእሰ መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። መምህራኑንም እንደዚያው። መጽሐፍ በሌለበት ግድግዳ መጽሐፍ ይሆናል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ ሲሆን የታተመ መጽሐፍ እጥረት ምን ያህል እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በስልክ ፒዲኤፍ የተማረ ብዙ ነው፣ ስልክ የሌለው ደግሞ ከሰሌዳ ብቻ ገልብጧል። በእንዲህ ያለ አገር ማንም ወደ ቤቱ የማይወስደው፣ ገጹ የማይቀደድ መጽሐፍ ግድግዳው ብቻ ነው። ነገሩ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ያለችንን አንዲት መጽሐፍ ለእንግዳ ጻፍናት።

የልጁ ዓይን የት ነው?

ግድግዳ ለማን እንደተሳለ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሜትር መያዝ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባ የ7 ዓመት ልጅ ዓይኑ ከመሬት አንድ ሜትር ከትንሽ ላይ ነው። አሁን ግድግዳውን ተመልከቱ። የታችኛው አንድ ሜትር ገደማ፣ ግንበኛና ቀለም ቀቢ ዞኮሎ የሚሉት፣ ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም ይቀባል። ጭቃና የእጅ እድፍ እንዳያሳይ ነው፣ ምክንያቱም ተገቢ ነው፤ የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሥዕሉ የሚጀምረው ግን ከዞኮሎው በላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ ሲያይ ዓይኑ ፊት ያለው ቡናማ ቀለም ነው። ልቡም፣ ካርታውም፣ ሴሉም ከእሱ በላይ ናቸው። ቀና ብሎ አንገቱን ካላመመው በስተቀር ትልልቅ ሰዎች ከጭንቅላቱ በላይ እንደሚያወሩት ወሬ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ጎን ነው። በደንብ የተሳለው የትኛው ግድግዳ ነው? ወደ በሩ የዞረው። ወደ ክፍሉ ውስጥ ግቡ። ልጁ በቀን አራት አምስት ሰዓት የሚያፈጥበት የውስጥ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ጭቃው የተራገፈም አለ። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ጽሑፉ ራሱን ችሎ ይናገራል ወይ የሚለው ነው። የሰውን ልብ ሥዕል ውሰዱ። ከመጽሐፍ በቀጥታ ይገለበጣል። በመጽሐፍ ላይ ልቡ የሚሳለው ከፊታችን የቆመ ሰው ልብ ተደርጎ ስለሆነ የልቡ ግራ ክፍል በእኛ ቀኝ ይውላል። መጽሐፉ አጠገብ መምህር አለ፣ ያብራራል። ግድግዳው አጠገብ ማንም የለም። እኔ በቀኝ በኩል «ግራ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ሠዓሊው የተሳሳተ መስሎኝ ለስንት ዓመት በልቤ ሳርመው ኖሬያለሁ። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነበርኩ። ግን ይህን ለማስረዳት አንድ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው መሳል ይበቃ ነበር እኮ። ልቡን ከሰውዬው ቆርጦ ብቻውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የመጽሐፍ ልማድ ነው፤ ግድግዳ ሌላ ነገር ነው።

ቁጭ ብለው የሰቀሉት

በፕሮግራም ሥራ ሃርድኮድ የምንለው ጥፋት አለ። ነገ የሚቀየርን ነገር፣ ዋጋ ይሁን የሰው ስም፣ በቀላሉ በሚቀየርበት ቦታ በማስቀመጥ ፈንታ ኮዱ ውስጥ መቅበር ማለት ነው። ስትጽፈው ይፈጥናል፣ ሲቀየር ግን ሲኦል ነው። አማርኛ ይህን ከእኛ በፊት አውቆታል፦ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

የትምህርት ቤት ግድግዳ የተሰቀለበት ብዙ ነው። 9 ክልል ያለበት ካርታ በዘይት ቀለም ተሳለ። በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ራሳቸውን ችለው ወጡ፤ በ2015 ነሐሴ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ቀርቶ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ክልሎቹ 12 ናቸው፤ ያ ካርታ ግን 9 ላይ ቆሟል። ፕሉቶ ከፕላኔትነት ከወረደ በ1998 ነሐሴ ነው፤ ዘጠኝ ፕላኔት ያለበት ግድግዳ ግን ከዚያ በኋላም ሲቀባ ኖሯል፣ ምክንያቱም አዲሱ ሠዓሊ የሚገለብጠው ከአሮጌው ግድግዳ ነው። ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ብለን ነው የሸመደድነው፤ በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ 4,550 አካባቢ ሆኖ ተገኘ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉና በኋላም ሲከፈቱ የተሳሉት የተራራቁ ሰዎችና የሚታጠቡ እጆች ደግሞ ቧንቧው ከደረቀ በኋላም እየታጠቡ ነው።

ልጁ ከዚህ ምን ይማራል? ተሳስቶ መማሩ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ፣ ግድግዳ የማይነበብ ነገር መሆኑን መማሩ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ 12 ይላል፣ ውጭ ያለው ግድግዳ 9 ይላል፣ ማንም አይደነግጥም። ልጁም ይገባዋል፦ አሃ፣ ያ ለጌጥ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ የተጻፈ ነገር ለጌጥ እንደሆነ ከተማረ፣ ንባብን እንዴት አድርገን ልናስወድደው ነው?

መፍትሔው ውድ አይደለም። የማይለወጠው በዘይት ቀለም ይሳል፦ ፊደሉ፣ የማባዛት ሰንጠረዡ፣ ወንዝ የሚፈስበት አቅጣጫ፣ ሰሜን የት እንደሆነ። የሚለወጠው ደግሞ በሰሌዳ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍ፤ የሚጽፉትም ተማሪዎቹ ይሁኑ። የዚህ ዓመት የተማሪ ብዛት ስንት ነው? ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ዘነበ? በቆሎ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ገባ? ይኼ ሰው የሚያነበው ግድግዳ ነው፤ ነገ ሌላ ነገር ሊል ይችላላ።

መፈክር ማንን ያዛል?

ወደ መፈክሩ ልምጣ። «ጊዜ ወርቅ ነው»፣ «ኩረጃን እንጠየፋለን»፣ «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው»። ሁሉም እውነት ነው፤ ማንም የማይከራከረው ነገር ግን ማንም አያነበውም። የሚገርመኝ ሰዋስዋቸው ነው። ተናጋሪው አይታወቅም፣ ተሰሚው ሁልጊዜ ልጁ ነው፣ ግሡ ትእዛዝ ነው።

አንዱ ግን አያስቅም። «ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይቁም!» በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ መፈክር ጌጥ አይደለም፤ አካባቢው ልጆችን በመዳር የታወቀ ነበር፣ ልማዱም ጨርሶ አልሞተም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገ ቆይቷል። አሁን ይህን ግድግዳ የምታነብ የ13 ዓመት ልጅ አስቡ። ይቁም ተብላለች። ማን ያቁመው? እሷ? ሽማግሌ የላከው አባቷ ወይስ ጠላ የጠመቀችው እናቷ እዚህ ግቢ ቆመው ያነባሉ? መፈክሩ ለአባት የተጻፈ ሆኖ ልጅቷ ፊት ተሰቅሏል። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ጽሑፍ ነው፤ ትንሽ፣ በዓይኗ ቁመት፣ ምናልባት ሌላ ሰው ሳያያት ልታነበው የምትችልበት ቦታ፦ ሕጉ 18 ነው ይላል፤ ሊድሩሽ ከሆነ ለዚህች መምህርት ንገሪ፤ የምትገኘው በዚህ ክፍል ነው፤ የሴት ተማሪዎች ክበብ የሚሰበሰበው በዚህ ቀን ነው። ይህ መፈክር አይመስልም፣ ፎቶም አያምርበትም። ግን አንዲት ልጅ ሊያስጥል ይችላል።

የመጸዳጃ ቤት ምልክትም እንደዚሁ ነው። በግቢው ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ በጣም የሚፈለገው ጽሑፍ «ሴቶች» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ በከሰል ወይም በተረፈ ቀለም፣ በሩ ላይ፣ ግማሹ ተፍቆ ታገኙታላችሁ። «ርእሰ መምህር» የሚለው ግን በሁለት ቀለም፣ ጥላ ተሠርቶለት፣ ከአጥር ውጭ ይነበባል። የግቢው ጽሑፎች መጠናቸው የሚያሳየው የልጆቹን ችግር ሳይሆን የሰዎቹን ማዕረግ ነው።

ገበታ እና መቅደስ

«እኛ አገር የሥዕልና የግድግዳ ባህል ገና ነው» የሚል ሰው አያጣም። እሺ፣ ግን ይህን የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ቆሞ ከሆነ ዞር ብሎ አላየም ማለት ነው።

ከፊደል ገበታ እንጀምር። ከብራና ገበታው አንሥቶ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በየቤቱ እስካስገቡት ወረቀት ድረስ አሠራሩ አንድ ነው፦ 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ 231 ሳጥን። ወደ ጎን ብትሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ወደ ታች ብትወርድ ፊደሉ ይለወጣል። ልጁ የሩብ ገበታውን ሥርዓት ከያዘ የቀረውን ራሱ መገመት ይጀምራል። ደግሞ ገበታው ከጭንቅላት በላይ አይሰቀልም። ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ በስንደዶ ወይም በእንጨት ስንጥር እየነካ ይቆጥራል። አዎ፣ ይቆጥራል ነው የምንለው፣ ያነባል አንልም። ሽምደዳ እንዳይሆንም «ሀ ሁ»ው ሲያልቅ አቡጊዳው ይመጣል፤ ያው ፊደል ቅደም ተከተሉ ተለውጦ። ልጁ በእርግጥ ፊደሉን ያወቀ ወይስ ዜማውን የሸመደደ መሆኑ እዚያ ላይ ይለያል። እኛ ዛሬ ቴስት የምንለው ይህ ነው።

ይህ ገበታ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል? ከዞኮሎው በላይ ይሰቀላል፣ ስንጥር አይደርስበትም፣ ቆጣሪ የለውም። ሳጥኖቹ አሉ፤ ጣቱ ግን ቀርቷል።

ከዚያ መቅደሱ። ከመራዊ ባሕር ዳር ቅርብ ነው፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ዘጌ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል መሆኑን አይቷል። በዚህ ባህል ብዙ ጊዜ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው፤ የጭቃ ግድግዳ ቀለም አይዝም የሚለው ሰበብ ድሮ መልስ አግኝቷል ማለት ነው። በሮቹ ላይ የቆሙት ሰይፍ የያዙ መላእክት ናቸው። ያላነበበ ሰውም ያን በር እንደማያልፍ ይገባዋል፤ ከዚህ የተሻለ «መግባት ክልክል ነው» አላየሁም። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን አንዴ ከነገሩት፣ ማንበብ የማይችል ልጅ የማያውቀው ሥዕል ፊት ቆሞ እንኳን ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። የራሱ ሰዋስው ያለው ሥዕል ማለት ይህ ነው።

ትምህርት ቤቱ የመቅደስ ሥዕል ይሳል ማለቴ አይደለም፤ የሁሉም እምነት ልጆች ቤት ነው። የምለው ያንን ግድግዳ የሠሩት ሰዎች የሚያየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቆም፣ ማንበብ ይችል እንደሆነ ጠይቀው ነበር። እኛ በአምስት ዓመት ዲግሪ የተማርነውን ጥያቄ እነሱ በልምድ ያውቁት ነበር።

ብዙ ቀለም፣ ብዙ ትምህርት?

አንድ ተቃውሞ መስማት አለብን። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንዴ በሥዕል በተሞላ፣ አንዴ ባዶ በሆነ ክፍል አስተማሩ። በባዶው ክፍል ልጆቹ ከፈተናው 55 በመቶ መለሱ፤ በተሞላው 42 በመቶ። በተሞላው ክፍል ዓይናቸው ይበልጥ ወደ ግድግዳው ይሸሽ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ልጆቹም የሌላ አገር ናቸው። ቢሆንም «ምቹ አካባቢ» ማለት ብዙ ቀለም ነው ለሚል ሁሉ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ ከመፈክር አላመለጡም። ብሩክሊን ውስጥ ባለ አንድ መለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታዋቂዋ ዲዛይነር ፖላ ሼር እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት ቤቱን መፈክሮች ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ ፊደሎች በየግድግዳው አወጣቻቸው። ያምራል፣ ሕንጻውን ነፍስ ዘርቶበታል። ግን አሁንም ትልልቅ ሰዎች ለልጆች የሚሉት ነገር ነው፤ ፊደሉ ስላማረ ወሬው አልተለወጠም።

ለእኛ የሚቀርበው የሕንዶቹ ይመስለኛል። አርክቴክት ካቢር ቫጅፔይ በዩኒሴፍ ድጋፍ ያዳበረው፣ በአጭሩ ባላ የሚባል ሐሳብ አለ፤ ሕንጻው ራሱ ማስተማሪያ ይሁን ነው የሚለው። በሩ ሲከፈት የሚሄድበት ወለል ላይ ማዕዘን ይሰመራል፤ ልጁ በሩን ከፍቶ 30፣ 60፣ 90 ዲግሪን ያያል። የመስኮቱ ፍርግርግ በጣት የሚከተሉት ቅርጽ ይሆናል። ደረጃው ቁጥር ይሆናል። ሠዓሊ ብዙም አይፈልግም፣ ሜትርና አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃል። በሩ ደግሞ መቼም አይዋሽም፤ ክልል ሲጨመር የ90 ዲግሪ ማዕዘን አይለወጥም።

መራዊ ብሠራው

መተቸት ቀላል ነው፣ እስቲ አንተ አምጣ የሚለኝ አይጠፋም። ሁለት ነገር አመጣለሁ።

አንደኛው ውሃ ነው። መራዊ ያለ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ የት ይሄዳል? ወደ ቆጋ፤ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት ግድብ የተሠራበት፣ የልጆቹ ወላጆች ሽንኩርትና ስንዴ የሚያመርቱበት ወንዝ። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ጣና ነው የሚወርደው። ከጣና ወጥቶ በጢስ ዓባይ ይዘልላል፣ ጎጃምን ይዞራል፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባለው ገደል ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በቡሬ የዘነበው በፈጣም፣ በፍኖተ ሰላም በኩል የዘነበው በብር አድርጎ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ ዓባይ ይገባል። የመራዊው ውሃ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ጎጃምን ከቦ፣ የጎረቤቶቹን ውሃ ከታች ይጠብቀዋል። ከዚያ አብረው ጉባ ይደርሳሉ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ውስጥ።

ይህን ሳልማር ነው ያደግሁት። የትምህርት ቤቴ ካርታ ላይ ሰማያዊው መስመር ነበር፤ የእኛ ጣሪያ ውሃ እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን የነገረኝ የለም። እኔ ብሠራው ካርታውን ከጣና አልጀምረውም። ከአሸንዳው እጀምረዋለሁ። ሰማያዊ መስመር፣ አሸንዳው ከሚያፈስበት ጥግ ተነሥቶ፣ በዞኮሎው ላይ፣ በልጁ ወገብ ቁመት፣ ከብሎክ ወደ ብሎክ ይሄዳል። ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉት ይሮጣሉ። ዓባይ ጎጃምን እንደሚዞር ግቢውን ይዞራል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትምህርቱ ራሱ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥላ ነው። የባንዲራ መስቀያ የሌለው ትምህርት ቤት የለም። ያ እንጨት የፀሐይ ሰዓት ነው፤ የጎደለው ዙሪያው ላይ የሚሰመር መስመር ብቻ ነው። መራዊ በሰሜን 11 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በትክክል ከአናት በላይ ታልፋለች። ነሐሴ ደመና ነው፣ ሚያዝያ ግን ይታያል። ያን ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የእንጨቱ ጥላ ይጠፋል። በ6 ሰዓት አይደለም፣ በ6 ተኩል፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ርቆ ላለ መስመር ነውና። አንድ መስመር በጠመኔ፣ በየወሩ አንዴ፣ በተማሪ እጅ። ከዓመት በኋላ ግቢው የራሱ ካላንደር ይኖረዋል። ሥርዓተ ፀሐይን ግድግዳ ላይ ከመሳል ፀሐይን ራሷን ማሠራት ይሻላል።

ከገበታ ውጭ

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ድምፅ ይከተለኛል፦ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለ ቀለም ታወራለህ?

ልክ ነው። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 መራዊ ውስጥ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በ2017 የትምህርት ዘመን ደግሞ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች «ከትምህርት ገበታ ውጭ» መሆናቸውን ተናገረ። ሐረጉን ሁላችንም በዜና ለምደነዋል። ገበታ የሚለውን ቃል ግን ቆም ብላችሁ ስሙት። ያው ጉልበት ላይ የሚቀመጠው፣ በስንደዶ የሚነካው ገበታ ነው። የሚበላበትም ገበታ ይባላል።

ቀለም ሰላም አያመጣም። ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች አንድ ቀን ይከፈታሉ፤ የተከፈቱም አሉ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ይቀባሉ፣ ምክንያቱም መቀባት መልሶ መገንባትን ለማሳየት ፈጣኑ መንገድ ነው። እርዳታ ይመጣል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በበሩ ፊት ለፊት ትልቅ ካርታ ይሳልና መፈክር ይጻፍበታል። ሁለት ሦስት ዓመት ያመለጠው ልጅ፣ በ10 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ፣ እንደገና ከጭንቅላቱ በላይ የሚያወራ ግድግዳ ያገኛል።

እንዲህ እንዳይሆን የምጠይቀው ትንሽ ነው። ጣሳው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው በልጁ ቁመት ዝቅ ብሎ ግድግዳውን ይየው። ከዚያ ከዞኮሎው በላይ ሳይሆን በዞኮሎው ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ያድርግና አጠገቧ ይጻፍ፦ መራዊ። ያለነው እዚህ ነው።